ሣጥን ያለው የጾም ቡፌ፦ ምግቡ፣ አስተናጋጆቹና ጉርሻው

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የሚሠራ ሰው ረቡዕና ዓርብ ምሳውን የት እንደሚበላ አስቀድሞ ካላሰበ ይቸገራል። የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ስለሆነ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከየፎቁ የሚወርደው ሰው መንገዱን ያጨናንቀዋል። እኔም ከእነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ በሒሳብ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ በጾም ቀን የምበላው ከአንበሳው ሐውልት በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ በሚገኝ ምግብ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። የማነሣው ቅሬታ አለ፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ሲነገራቸው የሚሰሙ ሴት ስለሆኑ ነገሩን ሳያስተካክሉ በአደባባይ ላነሣቸው አልፈልግም።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ። እንጀራው ስስ ነው፣ ዓይኑ ያማረ፣ ኮምጣጣነቱ ልከኛ፣ ተጠቅልሎ በሰፌድ የሚቀርብ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ስር በድንች፣ አዚፋ፣ ቲማቲም ፍትፍትና ሱፍ ፍትፍት ሁልጊዜ አሉ። ሱፍ ፍትፍቱን በከተማው ውስጥ ከበላኋቸው ሁሉ አስበልጠዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሚጥሚጣው አይበዛበትም፣ ሱፉ በደንብ ተጨምቋል። ስልጆ የሚገኘው ዓርብ ብቻ ነው። ባቄላው ከሰናፍጩ ጋር ተዋሕዶ እስኪብላላ ቀናት ስለሚፈልግ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ያቀርባሉ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ሣህኑን ባዶ ያገኘዋል። ሽሮው እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ግሩም ነው፤ ከዚያ በኋላ እየወፈረ ሄዶ ማንኪያውን ይይዛል። ሩዙንና ፓስታውን አልነካቸውም። ቤቱ እነዚህን ሁለቱን ትቶ የክኩን መጠን ቢጨምር ይሻለዋል።

ዋጋው በሰው 480 ብር ነው፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በውስጡ አለ። የታሸገ ውኃ ለብቻው ይከፈላል። የማሽን ደረሰኝ ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ በመጣሁበት ጊዜ ዋጋው 260 ብር ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ ምስሩም፣ የቤት ኪራዩም ተሰቅሎ እዚህ ደርሷል። በዚህ ባለቤቷን አልወቅስም። የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ከገንዘብ ተቀባዩ በስተቀኝ ከእንጨት የተሠራች፣ ክዳኗ ላይ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሣጥን ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ላይ በእጅ ጽሕፈት “ለሠራተኞች” ይላል። በወረፋ ቆሜ ብዙ ጊዜ ተመልክቻታለሁ። ዋጋው 260 በነበረበት ጊዜ ሰው አሥር ብር ይከትባት ነበር። አሁን 480 ሆኖም ሰው የሚከተው ያንኑ አሥር ብር ነው። ከመቶ አራት ገደማ የነበረው ከመቶ ሁለት ሆነ ማለት ነው። አስተናጋጇ ለሽንኩርት የምትከፍለው ዋጋ ግን እኛ ከምንከፍለው አያንስም። ይህ ስሌት አንድ ቀን ወረፋ ላይ ሳለሁ ከተሠራልኝ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አጠገቤ የሚሠራ ባልደረባዬ፣ ደግ ሰው ነው፣ በቡፌ ላይ ጉርሻ መስጠት እንደማይገባው ነግሮኛል። “ሣህኑን እኔው አነሣሁ፣ እኔው ቀዳሁ፣ እኔው ተሸክሜ ተቀመጥሁ። ማን አስተናገደኝ?” ይላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ለቡፌ ትንሽ፣ ተቀምጬ ለማዝዘው ምግብ ብዙ መስጠት ልማዴ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓርብ ሆን ብዬ ከጓዳው በር አጠገብ ያለውን ማንም የማይወደውን ጠረጴዛ ያዝሁና ምግቤን የነካውን እጅ ሁሉ ቆጠርሁ።

እንጀራ ጋጋሪዋን አላየኋትም፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገብታ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ወጥ ሠሪዋ ድስቱ አጠገብ ነበሩ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው። በሞቀ ውኃ ላይ የሚቀመጡትን ትላልቅ የብረት ሣህኖች እያነሣ ባዶውን በሙሉ የሚተካ አንድ ወጣት አለ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሲመላለስ አየሁት፣ ክንዱ ላይ የቆየ የእንፋሎት ቃጠሎ አለው። እንጀራውን እየቆረጠች የምትጠቀልል አለች። ሁለት ሴቶች ዕቃ ያጥባሉ፣ እስከ ክርናቸው ድረስ። የእጅ መታጠቢያውን ወለል የምትወለውል፣ ሳሙና የምትሞላ አንዲት እናት አሉ። ከዚያም ውኃ የምታመጣው፣ የተበላበትን የምታነሣው፣ ጠረጴዛውን ጠርጋ ለሚቀጥለው ሰው የምታዘጋጀው አስተናጋጅ። ስምንት ሰዎች። ተቀምጬ ጥብስ ባዝዝ ኖሮ ፊቷን የማያት አንዲቷን ብቻ ነበር፤ ለቀሩት ያው ሥራቸው ነው። በቡፌ ላይ የሚቀርልን የአንዲት ልጅ መመላለስ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በእጥፍ ትከፍለዋለች። አንድ ሰው በቡፌ ላይ ሁለትና ሦስት ሣህን ይለዋውጣልና።

ሣህን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልበል። ተጭኖ ተነሥቶ ግማሹ የተተወ ሣህን ከባድ ነው። ወጡ ይፈሳል፣ እንጀራው ይጣበቃል፣ ልጅቷ አምስቱን ደራርባ ልትይዘው አትችልም። ሦስቱን ብቻ ይዛ ሁለቴ ትመላለሳለች። በጾም ቀን፣ ለዚያውም በዚህ የኑሮ ውድነት፣ ግማሽ ሣህን ሽሮ ትቶ የሚነሣ ሰው ሳይ ያመኛል። የምትችሉትን ያህል ብቻ አንሡ፤ ደግሞ መነሣት ይቻላል፣ ቡፌ ነው።

ምሳዬን ስጨርስ አስተናጋጇን ጠራኋት። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው።

“ልጄ፣ ከዚያች ሣጥን ላንቺ የሚደርስሽ አለ?”

ትሪውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። “አለ እትዬ። ቅዳሜ ማታ ይከፈታል። አብረን እንቆጥረዋለን፣ ለሁላችንም እኩል ነው።”

“ለሁላችሁም ማለት?”

“ጓዳ ያሉትም ጭምር። ዕቃ አጣቢዎቹም።”

“ባለቤቷስ?”

“እሳቸው ቁልፉን ነው የሚይዙት። አይነኩትም። ደብተር አለን፣ እንፈርማለን።”

ደብተሩን ለማየት አልጠየቅሁም፣ የእኔ መብት አይደለም። ግን ያን ቀን ለዚህ ቤት ያለኝ አክብሮት ከፍ አለ። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሣጥኗ ደህና እንደምትሞላ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ሰው ወደ ሥጋ ቤቱ ዞሮ ቅዳሜ ማታ የሚቆጠረው እንደሚሳሳ ነገረችኝ። እኛ “ጾሙ ተፈታ” ብለን ደስ በሚለን ሰሞን እነሱ የሚያሳልፉት የዓመቱን ክፉ ወራት ነው። ይህንን እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ በኀምሳው ውስጥም በሳምንት አንድ ቀን እዚያው እበላለሁ።

እኩል መካፈላቸው ለምን እንዲህ ልቤን እንደነካው ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ከ1989 እስከ 1992 ቀን ቀን በለገሃር አካባቢ በአንድ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበርሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰንጋ ተራ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ እማር ነበር። የጉርሻችን ማጠራቀሚያ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበረች። ሃምሳ ሳንቲም፣ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ የጥሩ ቀን ደግሞ የአንድ ብር ኖት። ማታ ከመዝጋታችን በፊት አራታችን አስተናጋጆች ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን እንካፈላለን። ብርጭቆ የተሰበረ ቀን ግን ባለቤቱ ከደመወዛችን ሳይሆን ከጣሳዋ ያነሡ ነበር። “ከደመወዛችሁ ከምቆርጥ ይሻላችኋል” ይሉናል። ደንበኛው ለእኛ ብሎ የሰጠውን ለብርጭቆ ከፈሉበት። ያ በዚያን ጊዜም ትክክል አልነበረም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጓዳ ውስጥ አንዲት ዕቃ አጣቢ ነበረች፣ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ከጣሳዋ ድርሻ አልነበራትም። ደንቡ እንደዚያ ሆኖ ጠበቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሳንቲሙን ስንቆጥር በጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ስታደርቅ ትዝ ትለኛለች። አንድም ቀን “ለእሷስ?” አላልኩም። አሁን በየሄድሁበት ቤት ጉርሻው ጓዳ ይደርስ እንደሆነ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰዎች “ስንት ልስጥ?” ብለው ሲጠይቁኝ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው “ለማን ይደርሳል?” ብዬ ነው። መጠኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ጥር ከቨርጂኒያ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ በአንድ ትልቅ ሆቴል የእሑድ ቡፌ በላን። ዋጋው 1,800 ብር ይላል። ደረሰኙ ሲመጣ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 180 ብር ተጨምሮበታል፣ በ1,980ው ላይ ደግሞ አሥራ አምስት በመቶ ታክስ 297 ብር ተደምሮ 2,277 ብር ሆኗል። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ዋጋ ከመቶ ሃያ ስድስት ተኩል ከፍ ብሏል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያ ላይ ሃያ በመቶ ልትተው ቦርሳዋን ከፈተች፣ በአገሯ ልማድ። እኔ እጇን ያዝኋት።

እሷ የለመደችው ነገር የራሱ ምክንያት አለው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህ ቁጥር ከፈረንጆቹ 1991 ጀምሮ አልተነካም። ጉርሻው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ካልሞላ አሠሪው ማሟላት አለበት፣ ግን በቅድሚያ የሚጠበቀው ከደንበኛው ኪስ ነው። እዚያ ተቀምጦ ለሚበላ አሥራ ስምንት፣ ሃያ በመቶ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ በቡፌ ላይ አሥር በመቶ ገደማ ይተዋሉ። የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ለጉርሻ ተቀባይ የተለየ ደመወዝ አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ተብሎ እንደማይቆጠር ይናገራል። የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋምም አዋጁ ደንግጓል፤ ወለሉን ግን እኔ እስካሁን በሠራሁበት በአንድም የደመወዝ መዝገብ ላይ አይቼው አላውቅም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ልንገራችሁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ ሰባት በመቶ፣ አሠሪው አሥራ አንድ በመቶ የሚከፍሉት ከደመወዙ ላይ ነው። የትርፍ ሰዓትም የሚሰላው ከደመወዙ ነው። አስተናጋጇ የወር ኑሮዋን በግማሽ የሸፈነችው በጉርሻ ከሆነ ያ ግማሽ ለዘይትና ለቤት ኪራይ ይውላል እንጂ አብሯት አይጦርም። ስለዚህ ጉርሻ የደመወዝ ምትክ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን ደመወዙ እስኪስተካከል ድረስ ልጅቷ ዛሬ ማታ በታክሲ ወደ ቤቷ መሄድ አለባት።

በሆቴሉ ያስተናገደንን ልጅ “ይህ አሥር በመቶ ለእናንተ ይከፋፈላል?” ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ወደ ኃላፊው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ከፊሉ፣ በሦስት ወር አንዴ” አለኝ። ከፊሉ ስንት እንደሆነ ቀጥዬ አልጠየቅሁትም፣ ሥራው ላይ እንዲፈራ አልፈለግሁም። ሁለት መቶ ብር በእጁ ሰጠሁት። የአክስቴ ልጅ ቅር አላት፣ አነሰ ብላ። እኔ ግን ለዚያ ምሳ የአገልግሎት ክፍያ አንድ ጊዜ ከፍያለሁ፤ የት እንደገባ ማስረዳት ያለበት የሰበሰበው ቤት ነው፣ ልጁ አይደለም። ደረሰኝ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ባያችሁ ቁጥር ይህንን ጥያቄ ጠይቁ፣ በትሕትና፣ በተቻለ መጠን ኃላፊውን። የአስተናጋጁን እንጀራ በማይነካ መንገድ።

አሁን ወደ ሣጥኗ ልመለስና ቅሬታዬን ልናገር። ቴሌብር በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በኪሱ ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው እያነሰ መጥቷል። በዚህ ቤት ወረፋ ላይ ከፊቴ ካሉት ብዙዎቹ ስልካቸውን ነው የሚያወጡት። እኔም አንድ ረቡዕ ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረኝ በ480 ፈንታ 530 ብር ላክሁና ለገንዘብ ተቀባዩ “ሃምሳው ለልጆቹ ነው” አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ። በሚቀጥለው ዓርብ አስተናጋጇን ስጠይቃት ምንም አታውቅም። ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ሄድሁ። ልጁ አላፈረም፣ አልዋሸምም። “እትዬ፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ትርፉ ከሽያጩ ጋር ይገባል። ለይቼ የማወጣበት መንገድ የለኝም” አለኝ።

እውነቱን ነው። ማሽኑ የቆረጠው ደረሰኝ 480 ነው፣ የቤቱ ሒሳብ ላይ የገባው 530 ነው፣ ልዩነቱ የማንም ስም የለውም። ማንም ሳይሰርቅ የሠራተኞቹ ገንዘብ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዲህ አድርጎ ልቡ ረክቶ ደረጃውን እንደወረደ ሳስበው ነው። የዚያኑ ዕለት ባለቤቷን ጠይቄ አነጋገርኋቸው። በስልክ ትርፍ የሚልክ ሰው ካለ ገንዘብ ተቀባዩ የዚያኑ ያህል ጥሬ ገንዘብ ከመሳቢያው አውጥቶ ወዲያው ሣጥኗ ውስጥ ይክተት፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ማታ ሒሳቡ ይገጥማል አልኋቸው። ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለእኔ ያደርጉታል። ባለፈው ዓርብ ግን ከፊቴ የነበረ አንድ ሰው አምስት መቶ ልኮ “መልሱን ተወው” ሲል መሳቢያው አልተከፈተም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ለገንዘብ ተቀባዩ ነገርሁት፣ ሃያ ብሯን አወጣ። አንዲት ደንበኛ ቆማ ካላስታወሰች የማይሠራ ነገር ገና አልተስተካከለም፣ ስለዚህ ለዚህ ቤት ሙሉ ምስጋና አልሰጥም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሣጥኗ ያለችበት ቦታ ነው። ከወረፋው ፊት ለፊት ስለሆነች ከኋላው ሰው የቆመበት ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ለማሳየት ይከታል፣ ወይ አፍሮ ሳይከት ያልፋል። የወር መጨረሻ ላይ ደርሶ 480 ብሩን እንኳ በስንት ስሌት የከፈለ ሰው አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ተማሪ አለ። እሱን ማሳፈር አይገባም። ሣጥኗ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ብትሆን ሰው ለብቻው፣ በልቡ ልክ ይሰጣል። ባለቤቷ ይህንን ስነግራቸው ስርቆት እንደሚፈሩ ነግረውኛል። ግድግዳው ላይ በብሎን ማሠር ይቻላል፣ አሁንም ይህንኑ እላለሁ።

በጾም ቀን ሌላ የሚነሣ ነገር አለ። “ከሣጥን ውስጥ ከምከት ደረጃው ሥር ለተቀመጡት እናት ብሰጥ አይሻልም?” የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእኚያ እናት መስጠት ደግ ነው፣ እኔም እሰጣለሁ። ነገር ግን ያኛው ምጽዋት ነው፣ ይህኛው ጉርሻ ነው። ቋንቋችን ለሁለቱ ሁለት ስም የሰጠው በከንቱ አይደለም። ጉርሻ አብሮህ ማዕድ ለቀረበ ሰው በገዛ እጅህ የምታጎርሰው ነው፤ ስለራራህለት አይደለም የምታጎርሰው፣ ስለምታከብረው ነው። ለአስተናጋጅ የሚሰጠውን ገንዘብ በዚህ ስም የጠራው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ስሙን አሳምሮ መርጦታል። ስለዚህ ለአስተናጋጅ ስትሰጡ ጠረጴዛ ላይ አትወርውሩት፣ ወጥ በነካው ሶፍት ሥር አትቅበሩት። በእጇ ስጧት፣ “እግዜር ይስጥልኝ” በሏት። ሣጥን ባለበት ቤት ደግሞ ሣጥኗ ውስጥ ክተቱ፣ ጓዳ ያሉት እጆች እንዲደርሳቸው።

እኔ የምሰጠውን ለሚጠይቁኝ እነግራለሁ። በዚህ ቡፌ ለራሴ ሃምሳ ብር ሣጥኗ ውስጥ እከታለሁ፣ ከመቶ አሥር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ደመወዝ በዘገየበት ወር ሠላሳ። ለዚያች ልጅ ለብቻዋ አልሰጣትም፤ እኩል የሚካፈሉትን ሥርዓት በእኔ እጅ ማፍረስ አልፈልግም። ተቀምጬ በማዝዝበት ቤት፣ የአገልግሎት ክፍያ ካልተጨመረ፣ አሥር በመቶ እሰጣለሁ፣ ሒሳቡ ከአንድ ሺሕ ብር በላይ ከሆነ እንደ አቅሜ ዝቅ አደርገዋለሁ። ጣሳም ሣጥንም በሌለበት ቤት ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ ግማሹን ለጓዳ ብዬ እሰጣለሁ፤ አንዳንዶቹ አስተናጋጆች ይገረማሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ወዲያው ይገባቸዋል። እንደ ቶሞካ ቀድመው ከፍለው ወረቀት ይዘው ቆመው በሚጠጡባቸው ቤቶች ደግሞ ቡናውን ለሚቀዳው ሰው ባንኮኒው ላይ አሥር ብር አኖራለሁ።

በቡድን ስትመጡ ተጠንቀቁ። ከክፍላችን ዘጠኝ ሆነን የመጣን ቀን አንዱ ሒሳብ ይሰበስባል፣ እያንዳንዱ አምስት መቶ ይሰጠዋል፣ ለምግቡ 4,320 ይከፈላል፣ ለውኃው ደግሞ የተወሰነ ይቀነሳል። የቀረው ብር የት ይሄዳል? ማንም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ግን ሃያ ብር ጉርሻ የሰጠ መስሎት ይሄዳል። ከሳሽም ተከሳሽም የለም፣ የሰበሰበው ሰው ለቡና ያውለዋል ወይም ለታክሲ። እኔ አሁን ሰብሳቢው ሒሳብ ሲከፍል አጠገቡ እቆማለሁ፣ የተረፈውን ሁላችን እያየን ወደ ሣጥኗ እንዲከት እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ አሁን ራሳቸው ያስታውሱኛል። ሰው የጋበዘኝ እንደሆነ ደግሞ ሒሳቡን ለመክፈል አልታገልም፤ ጋባዡ ይክፈል፣ ጉርሻውን እኔ እሰጣለሁ። ክብሩም አይነካ፣ ልጅቷም አትቀር።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋው ደረጃው ላይ ይደርሳል። ስልጆ የምትወዱ ዓርብን ምረጡ። የሃምሳና የአሥር ብር ኖቶች ከቢሮ ስትወጡ ዘርዝራችሁ ያዙ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ዝርዝር የለውም። በስልክ ትርፍ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ መሳቢያው ተከፍቶ ብሯ ሣጥኗ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ከዚያ አትነቃነቁ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ ሣጥኗ ወደ እጅ መታጠቢያው ተዛውራ እንደሆነ አይቼ እዚሁ እጨምርበታለሁ።